ተራው የማን ነው?

ዝም ያለኝ ሰው ሁሉ የናቀኝ ይመስለኝ ነበር። ስልክ ደውዬ ሳይነሣ ሲቀር፣ መልእክት ልኬ መልስ ሲዘገይ፣ ሰላም ያልኩት ሰው ሳይመልስልኝ ሲያልፍ፣ ሌላ ምክንያት ይኖረው ይሆናል ብዬ ለማሰብ ፋታ አልሰጥም፤ ወዲያው ሆዴ ይሻክራል። አንዴ ከሻከረ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም። ይህን ጠባዬን ብዙ ሰው ነግሮኛል፤ የንስሐ አባቴም ሳይቀሩ መክረውኛል። ልብ ያስገዛኝ ግን እዚህ በምኖርባት ቺካጎ ከተማ፣ እኔ ሳልወለድ የተሠራ አንድ የፒንቦል ማሽን ነው። እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት የማሽኑ ሆድ ዕቃ ውስጥ መግባት ስላለብኝ አንባቢ ይታገሠኝ።

ጆተኒና ፑል እየተጫወትን ላደግን ሰዎች ፒንቦል እንግዳ ነገር ነው። ወደ ተጫዋቹ ዘመም ያለ፣ ከላይ በመስተዋት የተከደነ ባለ አራት እግር ጠረጴዛ ነው። 80 ግራም ያህል የምትመዝን የብረት ኳስ በሞላ ተወርውራ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ከዚያ በየእንቅፋቱ እየተላተመች፣ ነጥብ እያስቆጠረች ወደ ታች ትወርዳለች። ተጫዋቹ በግራና በቀኝ ያሉትን ቁልፎች እየተጫነ ፍሊፐር በሚባሉት ሁለት ክንፎች መልሶ ይመታታል። በክንፎቹ መሀል ከሾለከች ጉድጓድ ትገባለች፤ ያ ኳስ አበቃ ማለት ነው። ለአንድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አምስት ኳስ ይሰጠዋል። ከጠረጴዛው ራስጌ የቆመው ሣጥን ደግሞ ነጥቡን፣ ተራው የስንተኛው ተጫዋች እንደሆነና ስንተኛው ኳስ ላይ እንደተደረሰ ያሳያል።

ስመ ጥሮቹ ፋብሪካዎች፣ ጎትሊብ፣ ባሊ፣ ዊሊያምስ፣ ቺካጎ ኮይን፣ ሁሉም የዚህችው የቺካጎ ልጆች ናቸው። ክንፎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተዋወቀው የጎትሊብ «ሃምፕቲ ደምፕቲ» በ1947 እ.ኤ.አ. የወጣው ከዚህ ነው። ከተማዋ ግን ማሽኖቹን ለዓለም እየሠራች፣ በገዛ ግዛቷ «ቁማር ናቸው» ብላ እስከ 1970ዎቹ ከልክላቸው ኖራለች። ኒው ዮርክም እንዲሁ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ስትከለክል ቆይታ፣ ክልከላው የተነሣው በ1976 ሮጀር ሻርፕ የተባለ ጸሐፊ በከተማው ምክር ቤት አባላት ፊት ተጫውቶ፣ ኳሷ በየት በኩል እንደምትሄድ አስቀድሞ እየተናገረ ካሳያቸው በኋላ ነው። ጨዋታው ዕድል ብቻ ሳይሆን ችሎታ እንደሚጠይቅ ያመኑት ያን ጊዜ ነው።

እኔ የምኖረው በሰሜን ቺካጎ፣ ኤጅዋተር ሰፈር ነው። ሳምንቱን የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ። አገር ቤት ሳለሁ ኤሌክትሪክ ተምሬ ስለነበር፣ አንድ የማውቀው ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ እጄ ሙያውን እንዳይረሳ ብሎ እነዚህን ማሽኖች ከሚጠግኑ ሽማግሌ ጋር አገናኘኝ። ሽማግሌው በወጣትነታቸው በየመጠጥ ቤቱ እየዞሩ ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው፤ አሁን ከቤታቸው ጓሮ ባለው ጋራዥ ሰዎች ከምድር ቤት አውጥተው የሚያመጡላቸውን አሮጌ ማሽን ይሠራሉ። ብዙ አይናገሩም። መጀመሪያ ላይ እሳቸውም የናቁኝ መስሎኝ ነበር።

የዚያ ዘመን ማሽን ውስጡ ሲከፈት ኮምፒውተር የለበትም። በጨርቅ የተለበጠና በየቀለሙ ሰረዝ የተደረገበት ሽቦ በጥቅል በጥቅል ታስሮ ይሄዳል፤ ሽቦው ከሪሌይ ወደ ሪሌይ ይደርሳል። ሪሌይ ማለት ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ማግኔት የሚሆን ኮይል፣ ማለትም የሽቦ ጥቅልል፣ ነው፤ ማግኔቱ አንዲት የብረት ሰሌዳ ይስባል፣ ሰሌዳዋ ደግሞ ቀጫጭን የኮንታክት ምላሶችን ታገናኛለች ወይም ትለያያለች። ቆጠራው በስቴፐር ነው። ኮይሉ በሳበ ቁጥር መንጠቆው ጥርሳሙን ጎማ አንድ ጥርስ ይገፋዋል፤ ከጎማው ጋር የተያያዙት የመዳብ ጣቶች በባኬላይት ሰሌዳ ላይ ከተተከሉት ክብ ነጥቦች ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ይሻገራሉ። ይህን ሁሉ በጊዜው በጊዜው የሚያዝዘው ስኮር ሞተር የሚባለው ነው። ቀስ ብሎ ሲዞር በላዩ ያሉት ካሞች፣ ማለትም ጠርዛቸው ጎድጎድና ጎርበጥ ያለ ክብ ሰሌዳዎች፣ ኮንታክቶችን በተራ በተራ ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። 50 ነጥብ ሲቆጠር «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» የሚለው አምስት ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ለአምፖሎቹ 6 ቮልት ያህል፣ ለኮይሎቹ እንደ ፋብሪካው ከ24 እስከ 50 ቮልት ይደርሳል፤ ግድግዳው ላይ ያለው 120 ቮልት ግን የማሽኑ ማብሪያ ቢጠፋም እስከ ማብሪያው ድረስ ሳጥኑ ውስጥ ስላለ፣ እጅ ከመግባቱ በፊት ሶኬቱን መንቀል ግድ ነው። ሽማግሌው መጀመሪያ ያስተማሩኝ ይህንኑ ነው።

ለብዙ ተጫዋች የተሠራው የመጀመሪያው ፒንቦል የጎትሊብ «ሱፐር ጃምቦ» ነው፤ በ1954 እ.ኤ.አ. ለአራት ሰው ሆኖ ወጣ። ከዚያ በፊት ማሽኑ የአንድ ሰው ነጥብ ብቻ ነበር የሚይዘው፤ ጓደኛው ከጎን ቆሞ ያያል፣ ወይም የራሱን ሳንቲም ይዞ ይጠብቃል። አራት ሰው በአንድ ማሽን ሲጫወት ግን ከባዱ ጥያቄ መጣ፤ ተራው የማን ነው? አእምሮ የሌለው ሽቦና ብረት ይህን እንዴት ይወቅ?

የሚያውቀው በቅደም ተከተል ነው። ኳሷ ጉድጓድ ስትገባ በክብደቷ አንዲት ማብሪያ ትጫናለች። ማብሪያዋ የጉድጓዱን ሪሌይ ታነሣለች፤ ሪሌዩ ስኮር ሞተሩን ያስነሣዋል። ተጫዋቹ ያጠራቀመው ቦነስ ካለ መጀመሪያ እሱ ተቆጥሮ ያልቃል፤ ቦነሱ ሳያልቅ ማንም ወደ ማንም አይሄድም። ከዚያ ሞተሩ በተወሰነች ቅጽበት ላይ ለተጫዋች ስቴፐር አንድ ምት ይልካል፤ ስቴፐሩ አንድ ጥርስ ሄዶ የነጥቡን መስመር ከአንደኛው ተጫዋች ቆጣሪ ወደ ሁለተኛው ያዞራል። ጨዋታው ሲጀመር ስንት ሰው እንደተመዘገበ የያዘ ሌላ ስቴፐር አለ፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ፣ ማለትም የመጨረሻው ተጫዋች ከጨረሰ፣ የተጫዋቹ ስቴፐር ወደ አንደኛው ይመለሳል፣ ኳስ የሚቆጥረው ስቴፐርም አንድ ይጨምራል። በመጨረሻ ኳሷ ተገፍታ ወደ መወርወሪያው ቦታ ትመጣለች። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ቀጣዩ ተጫዋች እጁን ወደ ቁልፉ እስኪያደርስ ባለው ጊዜ ነው።

በዚህ መሀል ግን አንድ ሪሌይ አለ። በአንዳንድ ፋብሪካዎች የሽቦ ሥዕል ላይ «ቦል ኢንዴክስ» ተብሎ ተጽፏል። ሥራው አንድ ነገር ማስታወስ ነው፤ ይህች ኳስ ከተወረወረች ወዲህ አንድም ነጥብ ተቆጥሯል ወይ? የመጀመሪያዋ ነጥብ ስትቆጠር ሪሌዩ ይነሣል፤ ከተነሣ በኋላ በራሱ ኮንታክት በኩል ለራሱ ኤሌክትሪክ እየሰጠ ኳሷ እስክትወድቅ ተይዞ ይቆያል። ኳሷ ስትወድቅ ሪሌዩ ከተነሣ፣ የሞተሩ ምት በእሱ ኮንታክት አልፎ ወደ ተጫዋች ስቴፐር ይደርሳል። ካልተነሣ ምቱ መንገድ የለውም፤ ኳሷ ለዚያው ተጫዋች ትመለሳለች። ተወርውራ ምንም ሳትነካ በቀጥታ ጉድጓድ የገባችበት ሰው፣ አልተጫወተም ተብሎ ይታሰብለታል ማለት ነው። ሳንቲም ለመልቀም በተሠራ ዕቃ ውስጥ ይህን ያህል ርኅራኄ በሽቦ ተጽፎ ማየት እስካሁን ያስደንቀኛል። ማንም ሰው ሳይጫወት ተራው አያልፍበትም።

ወደ ነገሬ ልምጣ። አንድ ቤተሰብ ከ1970ዎቹ የሆነ ለአራት ተጫዋች የተሠራ ማሽን አመጣ። ቅሬታቸው ጨዋታው አያልቅም የሚል ነበር። አንደኛው ተጫዋች ኳሷን ይጥላል፣ ሞተሩ ይዞራል፣ ኳሷ ትመለሳለች፣ መብራቱ ግን እዚያው አንደኛው ተጫዋች ላይ፣ አንደኛው ኳስ ላይ ነው። አንዳንዴ ይታዘዛል፤ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፣ ከዚያ ደግሞ እዚያ ይቆማል። ልጆቻቸው በዚህ አልተከፉም፤ ወላጆቹ ግን አብረው መጫወት አልቻሉም፤ ተራ አይደርሳቸውማ።

የእኔ ዓይን በቀጥታ የሄደው ወደ ተጫዋቹ ስቴፐር ነበር። ያልተንቀሳቀሰው እሱ ነዋ። ሽማግሌው ካቻቪቴ እንዳነሣ አልፈቀዱልኝም። ማሽኑ በርቶ ሳለ፣ ብረት ሳይነኩ፣ በጣታቸው የስቴፐሩን የፕላስቲክ ዘንግ ገፋ አደረጉት። ጎማው አንድ ጥርስ ሄደ፤ ሁለተኛው ተጫዋች በራ። እንደገና ገፉት፤ ሦስተኛው በራ። አራተኛው በራ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «መሄድ ይችላል። እንግዲህ ምን እየጠበቀ ነው?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ስለ ምንም ነገር ጠይቄ አላውቅም። የእኔ ጥያቄ ሁልጊዜ «ምን ተበላሸ?» ነበር። «ምን ተበላሸ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥፋተኛውን ፊቱ ካለው ነገር ላይ ይፈልጋል፤ አልንቀሳቀስ ያለውን ይነቅላል፣ ይፍቃል፣ ያጣምማል። «ምን እየጠበቀ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ወደ ኋላ መሄድ አለበት፤ ይህ ነገር እንዲንቀሳቀስ ማን ሊነግረው ይገባ ነበር? ነጋሪውስ ከማን ይሰማል?

የሽቦውን ሥዕል ዘረጋነው። ሥዕሉ የጋራዡን ጠረጴዛ ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን፣ እጥፋቱ ላይ የተበላ ትልቅ ወረቀት ነው። ግራና ቀኙ ላይ ሁለት ዋና መስመሮች ይወርዳሉ፤ በመሀላቸው እያንዳንዱ ኮይል ከነማብሪያዎቹ አግድም ተሥሏል። የተጫዋቹን ስቴፐር ኮይል አገኘን፤ ከሱ በጣታችን ወደ ኋላ ሄድን። የሞተሩ ኮንታክት አለ። የጉድጓዱ ሪሌይ ኮንታክት አለ። በመሀል የቦል ኢንዴክሱ ኮንታክት አለ። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ካልተገናኙ ኮይሉ ምንም አያገኝም።

የጉድጓዱን ሪሌይ ለማወቅ ዓይን አላስፈለገም፤ ኳሷን በእጄ ጉድጓዱ ውስጥ ሳስቀምጣት «ጠቅ» አለ፣ ሞተሩም ዞረ። ሁለቱ ሥራቸውን ሠርተዋል። የቀረው ሦስተኛው ነው። ሽማግሌው አጎንብሼ እሱን ብቻ እንዳይ ነገሩኝና ራሳቸው ከላይ አንዷን የነጥብ ማብሪያ በጣታቸው ነኩ። ሪሌዩ ተነሣ። ወዲያው ደግሞ ወደቀ። እንደገና ነኩ፤ ተነሣ፣ ወደቀ። ነጥቡ እስኪቆጠር ብቻ ያስታውሳል፤ ቆጥሮ ሲጨርስ ይረሳል። ኳሷ ስትወድቅ ማሽኑ «ይህ ሰው ተጫውቷል?» ብሎ ሲጠይቀው መልስ የለውም፤ ማሽኑም በደግነቱ ኳሷን ለዚያው ሰው ይመልሳል። ስቴፐሩ እንቢ አላለም፣ ሰነፍም አልነበረም። የሚጠብቀው ቃል አልደረሰውም እንጂ።

ሪሌዩን ይዞ የሚያቆየውን ኮንታክት በባትሪ መብራት አየሁት። ሁለት ቀጫጭን ምላሶች ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ ከምስር ፍሬ ያነሰች የብር ነጥብ ተቀምጣለች። የላይኛዋ ነጥብ ጠቁራለች፤ ይህ ለዓመታት በተነሣችና በወደቀች ቁጥር የዘለለ ብልጭታ የተወው ነው። ሰሌዳዋ ሙሉ በሙሉ ስትሳብ ምላሶቹ ይነካካሉ፣ ግን ለአመል ያህል ብቻ ነው፤ የታችኛዋ ምላስ በላይኛዋ ተገፍታ ትንሽ መጎንበስ ነበረባት፣ አትጎነብስም። በደህና ቀን የሚበቃ፣ በቀዝቃዛ ቀን ወይም ሞተሩ ሲርገበገብ የሚለያይ ንክኪ ነው። «አንዳንዴ ይታዘዛል» ያልነው ለዚህ ነበር። ሶኬቱን ነቅለን፣ በአልኮል ያረጠብናትን ጠንካራ ወረቀት በነጥቦቹ መሀል አስገብተን ቀስ እያልን ጎተትናት፤ ጥቁሩ ወረቀቱ ላይ ወጣ። ብርጭቆ ወረቀት እዚህ ቦታ አይገባም፤ ብሩን ይበላዋል። ከዚያ የታችኛዋን ምላስ በማስተካከያው መሣሪያ ከሥሯ ይዤ ለዓይን በማይታይ መጠን ወደ ላይ አቃናኋት። አበራነው። ሽማግሌው አንድ ነጥብ ነኩ፤ ሪሌዩ ተነሣ፣ ተነሥቶም ቀረ። ኳሷን ጣልናት፤ ሁለተኛው ተጫዋች በራ።

ኳስ ቆጣሪው ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረው፤ አዲስ ጨዋታ ሲጀመር አንዳንዴ ከሁለተኛው ኳስ ይነሣል። ይህኛው ቀላል ነበር። ከዘመናት በፊት አንድ ሰው ግራሶ ቀብቶታል፤ ግራሶው ደርቆ ሙጫ ሆኗል፤ ጨዋታ ሲጀመር ጎማውን ወደ ዜሮ የሚመልሰው ሞላ ያን ሙጫ መጎተት አቅቶታል። ፈታትነን በአልኮል አጠብነው፤ ሳንቀባው ደረቁን መለስነው። ሆኖም ከሁለተኛው ኳስ ወደ ሦስተኛው ሲሻገር አልፎ አልፎ መንተፋተፉ አልቀረም፤ ያን ዕለት ምክንያቱን አላገኘንም።

ያን ቅዳሜ ወደ ቤት ስመለስ በልቤ የነበረው ማሽኑ አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ነበሩ።

ጋሼ በብዙ ዓመት ይበልጡኛል፤ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል። ደብረ ማርቆስ ወፍጮ ቤት አላቸው። እናታችን ካረፈች በኋላ በቤቷ ጉዳይ በስልክ ተካረርን፤ ከባድ ቃል አልተባባልንም፣ ግን በመሀላችን ዝምታ ገባ። ለመቃብሯ ሐውልት የሚሆን ገንዘብ በእህታችን በኩል ላክሁ። ደርሷል ተባልኩ፤ ከጋሼ ግን ምንም ቃል አልመጣም። እኔም እንደ ጠባዬ ሆዴ ሻከረ። ታላቅ ናቸው፣ እሳቸው ይደውሉ አልኩ። በዓል መጣ፣ ሄደ። ሌላም በዓል መጣ። ልጆቼ «አጎታችን ለምን አይደውልም?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም፤ ወይም የነበረኝ መልስ ለልጅ የሚነገር አልነበረም።

እንግዲህ ጋሼ ምን እየጠበቁ ነው? ራሴን ይህን ሲጠይቅ ስሰማው ደነገጥኩ፤ ከዚያ በፊት የማስበው እሳቸው ምን እንደነካቸው፣ ለምን እንደጨከኑ ብቻ ነበር። ለእህቴ ደወልኩ። «እቴቴ፣ ጋሼ በእኔ ላይ የያዙት ነገር ምንድን ነው?» አልኳት። እሷ ለነገር አትቸኩልም፤ ጥቂት ዝም ብላ «የያዘው ነገር የለም። ገንዘቡን ስሰጠው ምን እንዳለኝ ልንገርህ? ‹ገንዘቡ ደርሶኛል፤ ድምፁ አልደረሰኝም› ነው ያለኝ» አለችኝ።

በእኛ አገር ወግ ለበዓል መጀመሪያ የሚደውለው ታናሽ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ በእናታችን ቤት ያደገ ማንም ያውቀዋል። ሐውልቱ ሲቆም ጋሼ ከመቃብሩ አጠገብ ሆነው ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው እንደነበር እህቴ ነገረችኝ። በገንዘቡ ስልኩን የተካሁ መስሎኝ ነበርና፣ እሳቸውም የተቀበሉት ገንዘቡን ብቻ ነበርና፣ ሁለታችንም አሥራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀን አንዳችን የሌላውን ተራ ስንጠብቅ ኖርን። ይህን ማወቅ ቀላል አልነበረም፤ አለቀስኩ ብል አላፍርም።

ለዕንቁጣጣሽ ደወልኩ። እዚህ ገና ሌሊት ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ግን ነግቶ የወፍጮው ድምፅ በስልኩ ይሰማል።

«ጋሼ፣ እንኳን አደረሰዎ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰህ።» ከዚያ ወፍጮውን እንዲያጠፋው ለአንድ ሰው ሲጮኹ ሰማሁ። «ጤና ነህ? ልጆቹስ? ሚስትህስ?»

ስለ ቤቱም፣ ስለ ሐውልቱም አላነሡም፤ እኔም ለሌላ ቀን ተውኩት። ቅዳሜ ምን እንደምሠራ ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው። ጋሼ ለሚሽከረከር ነገር ሁሉ ጆሮ አላቸው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ የማውቃቸው ከሞተርና ከቺንጋ ጋር ነው። ስለ ተራው፣ ስለ ጥርሳሙ ጎማ፣ ያልተጫወተ ሰው ኳሱ እንደሚመለስለት በሰፊው ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙ። አሁን ዝምታቸው አላስፈራኝም፤ እያሰቡ ነበር።

«ጨዋታው መሀል ላይ መብራት ቢጠፋስ?» አሉኝ።

ለሃያ ዓመት ወፍጮ የያዘ ሰው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እህል በድንጋዩ መሀል ሳለ መብራት ከሄደ፣ ሲመለስ ሞተሩ ያን ሸክም ይዞ መነሣት ይከብደዋል፤ ጋሼ መብራት በሄደ ቁጥር መጀመሪያ የሚሮጡት ማብሪያውን ለማጥፋት ነው።

«ነጥቡ አይጠፋም ጋሼ» አልኳቸው። «ቆጣሪዎቹ ጎማ ናቸው፤ የቆሙበት ይቆማሉ። የተጫዋቹም ስቴፐር እንዲሁ፤ መንጠቆው ጥርሱን እንደያዘ ይቆያል። በኮይል የተያዙት ሪሌዮች ግን ይወድቃሉ፤ የሚረሱት እነሱ ናቸው።» በ1970ዎቹ መጨረሻ መውጣት የጀመሩት ባለ ኮምፒውተር ማሽኖች እንዲያስታውሱ ባትሪ እንደሚያስፈልጋቸው፣ ባትሪው ሲያረጅ ፈሳሹ እየወጣ ሰሌዳቸውን እንደሚበላውም ጨመርኩላቸው። ይህ በጣም ደስ አላቸው። «ብረት ይሻላል» አሉ።

ከዚያ ያቺን የምትንተፋተፈውን ኳስ ቆጣሪ ነገርኳቸው፤ ከሁለት ወደ ሦስት ስትሻገር የምትደናቀፈውን። የጎማውን ፎቶ በስልክ እንድልክላቸው አዘዙኝ። በሳምንቱ ልጃቸው በድምፅ መልእክት የእሳቸውን ቃል ላከልኝ፤ «ሁለተኛው ጥርስ በአንድ ጎኑ ተበልቷል፤ መንጠቆው አይነክሰውም። አላያችሁትም?» ይላል።

ቅዳሜ ጎማውን አውጥተን በአጉሊ መነጽር አየነው፤ ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። ሽማግሌው ከተጣሉ ማሽኖች ካጠራቀሙት ሣጥን ሌላ ጎማ ፈልገው ቀየርነው፤ ማሽኑም ከአንድ እስከ አምስት ያለ ችግር ይቆጥራል። የተበላውን ጎማ ጋሼ በእጃቸው ማየት ስለፈለጉ፣ ለገና ወደ አገር ቤት ለሚገባ የሰፈራችን ሰው ለጋሼ ልጆች ከምልከው ልብስ ጋር ጠቅልዬ ሰጥቼዋለሁ።